ጭቃ ሹም አብዱልባሲጥና የታሰረው ወንዝ

በዚህ አገር ሹፌር መንገድ ብቻ አውቆ ጡረታ አይወጣም። ለሐኪም የነዳ በጡረታው መድኃኒት ያዛል። ለዳኛ የነዳ ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ ካልታረቁም ይፈርዳል። ለኢንጂነር የነዳ የጎረቤቱን ግድግዳ በጫማው ጫፍ ጠቅ ጠቅ ያደርግና «ይሄ ክረምቱን አያልፍም» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የኋላ መቀመጫ ላይ የተወራ ነገር ሁሉ ሾልኮ ሹፌሩ ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል፤ ጡረታ በወጣ ማግስትም መፍሰስ ይጀምራል። ዕድለኛ ሰፈር የሐኪሙ ሹፌር ይደርሰዋል። ከቁስቋም ቁልቁል ወንዙ ዳር ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ለጭቃ ተመራማሪዎች ዘጠኝ ዓመት የነዱት ሰው ናቸው።

ክቡር ጭቃ ሹም አብዱልባሲጥ። ሹመቱን የሰጧቸው ወንዙ ዳር የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው፤ እስካሁንም የሻራቸው የለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሱሪያቸው በጋም ክረምትም እስከ ጉልበታቸው የተጠቀለለ፣ እጃቸው ከኋላ የተቆላለፈ። በሥራ ዘመናቸው የወንዝ ደለል ሊያጠኑ የሚመጡ ሰዎችን ይዘው ቆላውንም ደጋውንም ዞረዋል። ሰዎቹ ረጅም ቱቦ ወንዙ ወለል ውስጥ ይተክላሉ፣ የጭቃ ምሰሶ ይዘው ያወጣሉ፣ ቆራርጠው በየጠርሙሱ ይከታሉ። ተመራማሪዎቹ መጡ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። የጻፉትን ሰፈራችን ውስጥ ያነበበው የለም። እኛ ዘንድ ያለው ጭቃ ሹም በቃል የያዙት ብቻ ነው፤ ማኅተሙም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ስማ፣ አንተ ዝምተኛው» ይሉኛል። ዝም የሚል ሰው ለእሳቸው ተመዝግቦ የገባ ተማሪ ነው። እኔ ማታ ማታ ከመጽሐፍ ጋር ስለማመሽ ቀን ላይ ለሰው የሚተርፍ ቃል የለኝም፤ ስለዚህ የክፍሉ አንደኛ ተማሪ ሆንኩ።

«ውኃ ምንድን ነው? መንገደኛ ነው። ባለቤቱ ጭቃው ነው። ሳሙናው፣ እበቱ፣ ከላይ ከእርሻ ተጠርጎ የሚወርደው ዳፕ ማዳበሪያ፣ ሁሉም ፎስፈረስ አለበት። ውኃው ያልፋል፣ ፎስፈረሱ ግን ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ማን ይዞት? ብረት። አፈራችን የቀላው ለምን ይመስልሃል? ብረት ነው። ብረትና ፎስፈረስ ባልና ሚስት ናቸው። ሽማግሌያቸው አየር ነው። ውኃው እየሮጠ አየር ወደ ታች እስካወረደ ድረስ ትዳሩ ይጸናል። ውኃው ሲቆም ታች ያለው አየር ያልቃል። ሽማግሌ የሌለው ትዳር ደግሞ ታውቃለህ። ብረቱ ይለቀዋል፣ ፎስፈረሱ ወደ ውኃው ይወጣል፣ አረንጓዴው ይበላዋል፣ ይፋፋል፣ ይሞታል፣ ወለሉ ላይ ወርዶ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ የቀረችውን አየር ይጨርሳል። አየር ሲያልቅ ጭቃው ደግሞ ይለቃል። ይዞራል ልጄ፣ ይዞራል። ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ዘጠኝ ዓመት ነድተው ያመጡትን፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ ዘጠኝ ዓመት አስተማሩ፤ ይህን ትምህርት ያልተማረ የለም። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ተምረዋል፤ ሽማግሌዎቹ ምርቃት ጨርሰው ዳቦ ሳይቆርሱ። ልኳንዳ ቤት ወረፋ የያዝነው ተምረናል። ኩልሱም፣ ለሦስት ሆቴል አንሶላ የምታጥበው፣ በሳምንት አራት ቀን ትማራለች።

«ኩልሱም፣ የዛሬ አምስት ዓመት የደፋሽው ሳሙና እግርሽ ሥር ነው ያለው። ጭቃ አይረሳም።»

«እንግዲያ ጠይቅልኝ ጋሽ ባሲጥ፣ አምና የጠፋብኝ አንሶላ የት እንዳለ።»

ከሁሉ የባሰው ግን ለቅሶ ነው። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ያረፉ ዕለት፣ ልጃቸው ወልደኢየሱስ ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ጭቃ ሹም አጠገቡ ተቀመጡና ትከሻውን ያዙ። «አይዞህ። ሰው እኮ ጨርሶ አይሄድም። አጥንቱ ውስጥ ሰባት መቶ ግራም ያህል ፎስፈረስ አለ፤ እሱ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይመለሳል።»

ወልደኢየሱስ ቀና ብሎ አያቸው። «ጋሽ ባሲጥ» አለ፣ «አባቴ ገና ከቤት አልወጣም።»

ቤታቸውም ከዚህ አልተረፈም። መስኮቱ ላይ ሁለት የማር ጠርሙስ አለ፣ ሁለቱም ውስጥ የወንዝ ጭቃና ውኃ። አንዱን ክፍት ትተው ከሱብሂ ሶላት በኋላ በማንኪያ ያማስሉታል፤ ሌላውን ግጥም አድርገው ዘግተዋል። የተማሰለው ቡናማ እንደሆነ ቀረ። የተዘጋው ጠቆረ። እንግዳ ሲመጣ ለማስረጃ ክዳኑን ይከፍቱታል፤ እንግዳው የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ አፍንጫው ውስጥ እንዳለ ይሰናበታል። ባለቤታቸው ሃጂራ «የሰው ቤት ብርጭቆ ይደረደራል፣ የኔ ቤት ደለል» ትላለች። እሷም ግን የውኃውን በርሜል ክዳን ጨርሳ አትዘጋም፤ አይቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያስቅ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ያለጊዜው ቀድሞ ወጣ፤ ሳቁም አብሮት ወጣ።

ጥር ላይ ወንዙ እንደ ክር ቀጠነ። የቧንቧ ውኃ በሦስት ሳምንት አንዴ፣ እሱም ሲያሰኘው። ሁሉም ተቸገረ፤ እንደ አምሳል የተቸገረ ግን አልነበረም። አምሳል ከትክል ድንጋይ በሙሽርነት መጥታ እዚሁ ሰፈር ባሏን የቀበረች ሴት ናት። ያላት ዳልቻ የምትባል አንዲት ግራጫ ላም ነበረች። እሷና ሁለት ሴት ልጆቿ የሚበሉትም የሚለብሱትም ከዳልቻ ጡት ነው። የምትታለብ ላም በቀን ሦስት ጀሪካን ትጠጣለች፤ ሦስቱን ጀሪካን የምታመጣው አምሳል ናት፣ በጀርባዋ፣ ዳገቱን። በዚያ ጥር ጀርባዋ ሲጎብጥ ከቀን ወደ ቀን ይታይ ነበር።

የካቲት ላይ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ካሣዬ ሰዉን ሰበሰቡና «ወንዙን እንሰረው» አሉ። ከልብስ ማጠቢያው በታች በደቦ ግድብ ይሠራል፤ ውኃው ይጠራቀማል፤ ለከብቱም ለጎመኑም እስከ ሰኔ ይበቃል።

ጭቃ ሹም ተነሡ። «አትሥሩት አይደለም የምለው። ታች በኩል ቀዳዳ ተዉለት። ትንሽ ትንሽ ይሂድ። ጨርሶ ከቆመ ጭቃው ይለቃል።»

«የምናስረው እኮ እንዳይሄድ ነው» አሉ አቶ ካሣዬ፤ ጉባኤው ሳቀ።

«ካሣዬ፣ ሚያዝያ ላይ ከዚያ ውኃ የሚጠጣ ከብት...»

«ሚያዝያ ላይማ ሌላ ውኃ የት አለና?» አለች አምሳል ከኋላ። ጉባኤ ላይ ተናግራ አታውቅም። «አያ ባሲጥ፣ አንተ ሸጋ ሰው ነህ። ምነው የዳልቻን ጉሮሮ ትይዛለህ? በቀን ሦስት ጀሪካን እኔ ነኝ የምሸከም። ያ ጭቃህ አንድ ቀን ተሸክሞልኛል?»

ጭቃ ሹም የጎበጠ ጀርባዋን አዩና ተቀመጡ።

ደቦ ላይ የቀረ ሰው ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። የተከራከረም ይመጣል፣ የተቀየመም ይመጣል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ወንዙ ውስጥ ነበርን፤ ጭቃ ሹምም ሱሪያቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ጠቅልለው አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ በትከሻቸው ይሸከማሉ። ያልፈቀዱትን ግድብ እንደ ሰው ሁሉ ደረደሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድቡ ቆመ። ውኃው መጥቶ ነካው፤ ነካውና ከሥሩ በየማዳበሪያው መሃል መፍሰስ ጀመረ። ድንጋይ ወሸቅን። ፈሰሰ። አሸዋ ጨመርን። ፈሰሰ። አንዳንዱ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ።

ወንዙ ራሱ ጭቃ ሹም የለመኑትን ቀዳዳ አበጀ ማለት ነው። ከእሳቸው የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

አቶ ካሣዬ ላባቸውን ጠርገው ዞሩ። «ባሲጥ፣ አንተ ጭቃ ታውቃለህ። ይሄ ነገር በምን ይደፈናል?»

ፊታቸውን አየሁት። አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ ሰው ስሙ ከሩቅ ሲጠራ ሲሰማ እንደሚሆነው ዓይነት። አፋቸው ሊዘጋ ሞከረ። አልቻለም።

«በአሸዋ አይሆንም» አሉ። «ከዋርካው ሥር ጥቁር አፈር አምጡ። የጤፍ ጭድ ጨምሩበት። ልክ እንደ ቤት ምርጊት ርገጡት፣ ሦስት ጊዜ አገላብጡት። ከታች ጀምራችሁ ለጥፉ።» ብለውም አልቀሩ፤ ገብተው ረገጡት። ጣታቸውን እየከተቱ ልኩን አዩ፣ «ጭድ ይጨመር» አሉ፣ በገዛ መዳፋቸው ለጠፉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ጠብታ የማታሳልፍ ግድብ ቆመች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ስንመለስ «ምነው ነገሯቸው?» አልኳቸው።

«ጠየቁኝ እኮ» አሉ።

ሦስት ሳምንት ያህል ሰፈራችን ባለ ሐይቅ ሆነ። ኩልሱም አንሶላዋን በሰፊው ዘረጋች፤ ጭቃ ሹምን ባየች ቁጥርም «ጋሽ ባሲጥ፣ የብረቱ ፍቺ መቼ ነው? ድግስ እንድንደግስ!» ትላለች። አምሳል ጀሪካኖቿን ደጅ ላይ ደፍታ አስቀመጠቻቸው። ዳልቻ ጠዋትና ማታ ራሷ ወርዳ ትጠጣለች፤ ወተቱም ጨመረ። አምሳል ቀና ብላ ስትሄድ ያየኋት በዚያ ሰሞን ነው፤ ለካስ ረጅም ሴት ናት።

መጋቢት ሲጋመስ ውኃው ዳር ዳሩን አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ያዘ። ንፋስ ሲነፍስ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል፣ ቆዳ ይሠራል፣ ይወፍራል። ከዚያ ትንንሾቹ ዓሦች ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ይታዩ ጀመር። ከዚያ ሆዳቸው። ከዚያ ያ የመስኮቱ ጠርሙስ ሽታ ሰፈሩን በሙሉ ሞላው፤ ክዳን የሚዘጋለትም አልነበረም።

ጭቃ ሹም አቶ ካሣዬ ቤት ሄዱ። «እንክፈተው። በቀን አንድ ማዳበሪያ፣ ቀስ ብለን።»

«ዝናብ ሳይመጣ? ሰው ይገድለኛል ባሲጥ።»

«ከብት ይሞታል።»

«ያልጠጣም ይሞታል።»

ይህም እውነት ነው። የሚያሳዝነው ይሄ ነው፤ በዚያ ሰሞን የተሳሳተ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቃ ሹም ዱላ ይዘው ውኃው ዳር ተቀመጡ። ከጠዋት እስከ ምሽት የመጣውን ከብት ይመልሳሉ። ጉልበት ያለው ላሙን አንድ ሰዓት እየነዳ ድልድዩ ጋ ወዳለው ውኃ ወሰደ። አምሳል ግን ዳልቻን ይዛ መጣች።

«መልሻት አምሳል።»

«ወዴት?»

«ወደ ድልድዩ።»

«ጠጥታ እስክትመለስ መልሶ ይጠማታል። አያ ባሲጥ፣ ዱላህን አንሳ።»

«አረንጓዴው መርዝ ነው።»

«አንተ ስታወራ ስንት ዓመትህ! እስካሁን ማን ሞተ?»

ያን ዕለት መለሷት። በማግስቱም መለሷት። ስምንት ቀን ተጨቃጨቁ፤ ስምንት ቀን ጀሪካኖቹ ወደ አምሳል ጀርባ ተመለሱ። በዘጠነኛው ቀን ከእሳቸው ቀድማ ወረደች።

ዳልቻ እስክትጠግብ ጠጣች። አራት ሰዓት ላይ ጡንቻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስድስት ሰዓት ላይ እግሮቿ ከዷት፣ አጥሩ በር ላይ ወደቀች። የእንስሳት ሐኪሙ ደርሶ ዓይኗን ገልጦ አየ፤ «ውኃው ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል» አለ፣ የሚችለውንም ወጋት። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ቢላዋ ሳይደርስላት ስለሞተች በክት ናት፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አትሆንም። አሥር ሆነን በገመድ ጎትተን ጣልናት። ትንሿ ልጅ ማለቢያውን ቅል ይዛ እስከ መታጠፊያው ተከተለችን።

በአገራችን ከብት ለሞተበት ሰው «እግዜር ይተካልህ» ለማለት ቤቱ ይኬዳል። ማታ ሄድን። ትንሽ ቆይቶ ጭቃ ሹም መጡ። ሁላችንም የምንጠብቀውን እናውቃለን። እኔም ዘጠኝ ዓመት የሰማሁትን ትምህርት እዚያ ቤት ከደገሙት ዳግመኛ ሰላም እንዳልላቸው ለራሴ ወስኜ ነበር።

በሩ ሥር ተቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«አምሳል» አሉ፣ «ግድቡን የደፈንኩት እኔ ነኝ። የጭዱን ነገር የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ይፈስ ነበር።»

አምሳል የዳልቻን ገመድ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም። «ዘጠኝ ዓመት አወራህ አያ ባሲጥ» አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ምነው ያችን ቀን ብቻ ዝም ብትል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጫማቸውን ሳያደርጉ ወጡ።

ከዚያች ምሽት በኋላ ጭቃ ሹም አልተናገሩም። ሰላምታ ይመልሳሉ፤ አለቀ። ኩልሱም ሆን ብላ ፊት ለፊታቸው የዱቄት ሳሙና ዘረገፈች፤ አለፉ። «ጋሽ ባሲጥ፣ ሁለት እፍኝ እኮ ነው የደፋሁት!» ብላ ከኋላ ጮኸች፤ አልዞሩም። ሳሙናው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች ይላሉ፤ እሷ ግን ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው ትላለች። ሃጂራ እናቴ ዘንድ መጣች። «ጠርሙሶቹን ራሱ ደፋቸው» አለች። «መስኮቱ ባዶ ሆነ። ትናንት ወጡን ጨው አብዝቼ ሰጠሁት፤ ዝም ብሎ በላ። ባሌ ሊሞትብኝ ነው።»

ሥራ ግን አልተዉም። ጠዋት ጠዋት ወደ ታች ይወርዱና ጎመን የሚያጠጡትን ሰዎች «ዛሬ ከወንዙ አትቅዱ» ይላሉ፤ በቀን የሚናገሯት ዓረፍተ ነገር እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ተመልሰው ግድቡ ላይ ይወጣሉ፣ ከአናቱ አንድ ማዳበሪያ ያነሳሉ፣ ዳር ያደርሳሉ፣ ይቀመጣሉ። በቀን አንድ። ሲገነባ ሰባ ሰው ነበር፤ ሲፈርስ አንድ ሽማግሌ። ደቦው አልተጠራም፤ ያፈረ ሰው ደቦ አይጠራም። አቶ ካሣዬም በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወረድኩ። ከደግነት አይደለም። ጸጥታ እወዳለሁ ብዬ ነበር የምኖረው፤ ሰፈሩ እንዲህ ጸጥ ሲል ግን ገጽ መግለጥ አቃተኝ። አንድ መስመር አነባለሁ፤ ከመስኮቱ በታች «ይዞራል ልጄ» የሚል ሰው እጠብቃለሁ፤ የለም፤ ያንኑ መስመር መልሼ አነባለሁ። ጭቃ ሹም አዩኝ፣ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ውኃው ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

ገና ሳንጀምር አምሳል መጣች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣለች። እኔን አላየችኝም። ግድቡ ሥር ቆማ እሳቸውን ብቻ ተመለከተች።

«የቱን ላንሳ?» አለች።

ጭቃ ሹም ውኃውን አዩ።

«አያ ባሲጥ። የቱን ላንሳ?»

ከንፈራቸው ግጥም ብሏል። እንደዚያ ሲታገል ያየሁት ሰው የለም፤ ያችን የደቦ ቀን ሊያደርጉት የሚገባውን ሁሉ አሁን እያደረጉት ነበር፣ በማያስፈልግበት ቀን።

«የታችኛውን» አልኩ እኔ። «ከሥር ከተነሳ ቶሎ ያልቃል።»

የተሳሳትኩት አውቄ ነው። አምሳል ጎንበስ አለች።

«ተይው!» አሉ ጭቃ ሹም። ድምፃቸው ዝጎ ነበር። «ከታች? አንተ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትሰማ ነበር? ታች ያለው እኮ አየር የጨረሰው ውኃ ነው! እሱ ባንድ ጊዜ ከሄደ ጭቃውን ጠርጎ ነው የሚሄደው፤ የታች ሰው ጎመን፣ የታች ሰው ላም...» እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። አምሳል አልተንቀሳቀሰችም። ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ከላይ ነው፣ አምሳል። ከላይ ስስ ሆኖ ይወርዳል። ድንጋዩ ላይ እየወደቀ አየር ይጎርሳል...»

አምሳል ከአናቱ አንዱን ማዳበሪያ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ውኃው በቀሚሷ ላይ ይወርዳል። ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ በዓይኗ ከለከለችኝ። ጭቃ ሹም ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ እንዳቀፈችው ቆመች።